ጸጋውና ጥቁር የሚያለቅሰው ጭስ ማውጫችን

ጸጋው ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ለሰው እጁን የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ልማዱን የማያውቅ ንቆኛል ብሎ ይቀየመዋል። እኔም መጀመሪያ ቀን ተቀይሜው ነበር። አሁን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ የነገሩን ሙቀትና ብርድ በመዳፉ ካላወቀ ልቡ አያርፍም እያልሁ አልፈዋለሁ። ስለ እሱ ልጽፍ ከተነሳሁ ግን የራሴም ሞኝነት አብሮ መጻፉ አይቀርም፤ ሁለቱ የወጡት በአንድ ጭስ ማውጫ ነውና።

ልጄ ፈትሂያ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ አራት ክፍል ሻወር ቤት አላት። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎቿን ይዞባት ከሄደ ወዲህ በእንጨት የሚሠራ ቦይለር አስገጥማለች። የደሴ ጥር ጠዋት ላይ ውኃው ጣት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ሰው አይጠፋም። ሹፌሩ ይመጣል፣ ተማሪው ይመጣል፣ ለጁምዓ የሚታጠበውም ለእሑድ ቅዳሴ የሚዘጋጀውም ይመጣል። ፈትሂያ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሙቅ ውኃ ነው። እሳቱን የምጠብቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። በርጩማዬን ይዤ ቦይለሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስነሳኝ ጠፋ።

ጭስ ማውጫው በኋላ በኩል ግድግዳውን በስቶ ይወጣና፣ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ላይ ይቆማል። የቆመው በጎረቤታችን በአረጋሽ ግቢ በኩል ነው። ፈቃድ ስንጠይቃት፣ «የናንተ ጭስ ከኛ ጭስ በምን ይለያል?» ብላ ወዲያው ነበር እሺ ያለችን። ከኅዳር ጀምሮ ግን ጭስ ማውጫው ማልቀስ ጀመረ። እንባው ጥቁር ነው፤ እንደ ቀለጠ ሬንጅ ወፍራም፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ከቱቦው መጋጠሚያ እየወጣ በአረጋሽ ግድግዳ ላይ ወረደ፤ ባጠብነው ቁጥር ደግሞ ሰፍቶ ተመለሰ።

የአረጋሽ ልጅ ሳምሪ ሠርጓ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነበር። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አረጋሽ መጣችና ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እማ ጦይባ፣ ለርስዎ መናገሩ ከበደኝ።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ዳሱ የሚጣለው ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ሙሽሮቹ የሚቀመጡትም እዚያው ነው። ይሄ ነገር በቬሎዋ ላይ ጠብ ቢል…»

ፈትሂያ ከውስጥ ሰምታ ወጣች፤ እኔን እንጂ አረጋሽን አላየችም። «ወላሂ፣ ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ካልቆመ፣ ዓርብ ጠዋት ቦይለሩን በገዛ እጄ ነቅዬ አወጣዋለሁ!» አለች። ልጄን አውቃታለሁ፤ አፏ ከማለ እጇ አይመለስም። ቦይለሩ ከተነቀለ ሻወር ቤቱ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወርድባቸው አራት ክፍሎች ብቻ ሆኖ ይቀራል። በደሴ ብርድ ማን መጥቶ ይታጠብበታል?

እኔ ምክንያቱን አውቄው ነበር። ዝናብ ነው አልሁ። በጥር ዝናብ የታለ ሲሉኝ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ነው አልሁ። ላሜራ ሠሪውን ሁዘይፋን አስጠርቼ ለቱቦው ቆብ አስደረግሁለት። አላቆመም። በቆቡ ላይ ሌላ ቆብ አስደረግሁ። ሁዘይፋ ሦስተኛውን ሊያስር መሰላል ሲወጣ፣ «እማ ጦይባ፣ ብርድ ነው እንዴ የያዘው?» ብሎ ቢያሾፍብኝ፣ «አንተ ሥራህን ሥራ» አልሁት። የሰፈሩ ልጆች ጭስ ማውጫችንን «ባለ ሦስት ቆቡ» ብለው ስም አወጡለት። እሱም ከነሦስት ቆቡ ማልቀሱን ቀጠለ።

ስለ እሳቱ አያያዜ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝማ በኩራት እነግራቸው ነበር። እሳትና ወጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱንም ማንተክተክ ነው እንጂ ማንደቅደቅ የችኩል ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ እሳቱ ገና ሲያያዝ የጭስ መውጫውን መዝጊያ መለስ አደርገዋለሁ፤ ሙቀቱ እንዳይሸሽ። እንጨቱንም በዚያው ሰሞን የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አመጣለሁ፤ እርጥብ እንጨት ይቆያላ! ደረቅ ከሆነብኝ ደግሞ ውኃ ረጨት አደርግበታለሁ። ይኸው ነው ጥበቤ። ውኃውን በእጄ አስገብቼ፣ ከየት መጣ እያልሁ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ጸጋው ትዝ አለኝ። ባለቤቴ በሺር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ኮምቦልቻ ላለ አንድ ፋብሪካ በመኪና እንጨት ያመላልስ ነበር። እንጨቱን የሚረከበው የቦይለር ቤቱ ሰው ጸጋው ነበር። ጸጋው ሁለት ፍልጥ ያነሣል፣ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፣ ድምፁን ያዳምጣል። ቃ ካለ ይቀበላል፤ ዱብ ካለ፣ «ጋሽ በሺር፣ ይሄ እንጨት አይደለም፣ ውኃ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። በሺር ግማሽ ጭነት ይዞ ቤት በገባ ቁጥር እኔ ያንን ሰው እረግመው ነበር። በሺር የሞተ ቀን ግን ያ ሰው ከኮምቦልቻ መጥቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለለቅሶው እንጨት ሲፈልጥልን ሰነበተ። የሚፈልጠውንም እያጋጨ ያዳምጥ ነበር።

የመሐላው ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ፊደል የቆጠርሁት በስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የልጅ ልጄ ሙና ናት ከደብተሯ ያስቆጠረችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ድምፅ አውጥቼ ነው የማነበው። በመንገዱ ላይ የሱቁን፣ የጎሚስታውን፣ የክሊኒኩን ስም ሁሉ ለተሳፋሪው አነበብሁለት። «እናቴ፣ እኔም እኮ እያየሁት ነው» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ። እንዳይቀርበት ብዬ ነበር።

ጸጋው ጡረታ ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። የተወለደው ደጋን ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፋብሪካው ግቢ እንጨት ሊደረድር ተቀጠረ። እርጥቡን ከደረቁ በድምፅ መለየቱን ያዩ አለቆች ወደ ቦይለሩ አስገቡት፤ እዚያው አርጅቶ ወጣ። ቀኝ ጆሮው የእንፋሎቱን ፉጨት ሲሰማ ኖሮ ደነቆረ። ልጆቹ አድገው ሩቅ ሩቅ አገር ሄደዋል። ባለቤቱ የውብዳር ከሞተች ሦስት ዓመት ሆኗታል። አሁን በዚያ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ ሰው ጥላ በሚፈልግበት አገር፣ ግቢው በሙሉ ቆርቆሮ ለብሶ የተደረደረ ማገዶ ነው። በየክምሩ ላይ ዓመቱ በጠመኔ ተጽፎበታል። ጎረቤቶቹ፣ «ጸጋው ለጀሃነም ሊያቀርብ ነው» እያሉ ይስቁበታል።

ገብቼ ተቀመጥሁና ጉዳዬን ከሀ እስከ ፐ ነገርሁት። ጉሙን ነገርሁት፣ ሦስቱን ቆቦች ነገርሁት፣ የፈትሂያን መሐላ ስደርስ አለቀስሁ። እሱ በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጠኝ ቆየ። ስጨርስ፣

«እትዬ ጦይባ፣ ይቅርታዎን» አለኝ። «በዚህኛው ጆሮዬ ይድገሙልኝ።»

ዞሬ ተቀምጬ ደገምሁለት። በሁለተኛው አላለቀስሁም፤ እንባዬን በደንቆሮው ጆሮ ጨርሼው ነበር።

«የሚያለቅሰው ጠዋት ነው ማታ?» አለኝ።

«ሁልጊዜ ነው።»

«እሳቱን ማን ነው የሚይዘው?»

«ሰው አለ» አልሁት። ሐሰት አልተናገርሁም፤ እኔም ሰው ነኝ።

ልወጣ ስል፣ በጥግ በኩል ከሌሎቹ ይልቅ ቀጥ ብሎ የተደረደረ አንድ ክምር አየሁ። «2013» ይላል፤ አነበብሁለት። «እሱን የውብዳር ናት የደረደረችው» አለኝ። «በገዛ እጇ። ሌላውን ሁሉ አነድዳለሁ፤ እሱን ግን አልነካሁትም።»

ጸጋው የሠርጉ ሳምንት ሰኞ መጣ። ሁለት ጃኬት ደርቦ፣ የደሴን ብርድ እንደ ጅብ እየፈራ ነው የገባው። ግድግዳውን ዳበሰ፣ ቱቦውን ዳበሰ፣ ጥቁሩን ወዝ በጣቱ ነክቶ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ ሦስቱን ቆቦች ለረጅም ጊዜ አያቸው። ምነው የሆነ ነገር ባለ ኖሮ!

«ፈትሂያ» አለ፤ «የድስት ክዳን ስታነሺ ከውስጡ ምን ያንጠባጥባል?»

«ውኃ።»

«ዝናብ ገብቶበት ነው?»

ፈትሂያ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጦሳ አየሁ።

«እንጨት ውስጥ ውኃ አለ» አለ ጸጋው። «እንፋሎት ሆኖ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ቱቦው ትኩስ ከሆነ ሰማይ ድረስ ይሄዳል። ቱቦው ከቀዘቀዘ ግን እዚያው ላብ ሆኖ ይቀራል፤ ጥቀርሻውን አጥቦ ይወርዳል። መጋጠሚያውን ደግሞ እንደ ጣሪያ ነው የገጠሙት፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቧል። ለዝናብ ጥሩ ነው። ውኃው ግን ከውስጥ ነው፤ በየመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይወጣል።»

ሁለት ቀን ሠራ። ከሁዘይፋ ጋር ቱቦዎቹን ነቅለው ገለበጧቸው፤ የላይኛው በታችኛው ውስጥ እንዲገባ፣ ላቡ በውስጥ እንዲወርድ። ቆቦቹን አንድ አስቀርተው ሁለቱን አወረዱ። ከክርኑ በታች ትንሽ ቀዳዳ ያለው መጠራቀሚያ አበጁ፤ የሚወርደው ውኃ በዚያ ወጥቶ ከሥሩ በተንጠለጠለ ጣሳ እንዲጠራቀም። ቱቦውን ብርድ እንዳያገኘው በጭድና በጭቃ ለበጡት፣ በላዩ ላሜራ አለበሱት። በመጨረሻም ጸጋው ጠመኔ አውጥቶ በቦይለሩ በር ላይ በትልልቁ ጻፈ፦ «እሳቱ ሳይበረታ መዝጊያው አይመለስ። እርጥብ እንጨት አይግባ። ቀዳዳዋ አትደፈን።»

ይህንን ጽሑፍ ለአረጋሽ አነበብሁላት። ለታጣቢዎቹ አነበብሁላቸው። መንገድ ለሚያልፍ አንድ አህያ ነጂም አነበብሁለት።

ማክሰኞ ወደ ማታ ጸጋው ራሱ አነደደ። ከሰፈሩ ለምኖ ያሰባሰበውን ደረቅ እንጨት ነበር ያስገባው። ጠብ ያለ ነገር የለም። ረቡዕ ጠዋትም የለም። አረጋሽ ደስ ብሏት ግድግዳውን ኖራ አስቀባችው፤ እንደ ሙሽራ ነጣ። ከዙህር ሶላት በኋላ ጸጋው ዘመድ ሊጠይቅ ፒያሳ ወጣና እሳቱ በእኔ እጅ ቀረ።

አላህ ያውቃል፣ ታግሼ ነበር። ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ግን ሙቀቱ አየሩን ሲያንቀጠቅጠው አየሁ። ይሄ ሁሉ ሙቀት ወደ ሰማይ! መላእክቱ ሻወር አይወስዱ! ደረቁም እንጨት እንደ ወረቀት ነደደና አለቀ። እና መዝጊያውን መለስ አደረግሁት፤ ትንሽ ብቻ። ከእርጥቡም ሦስት ፍልጥ ጨመርሁ፤ በልማዴ ረጨት አድርጌ። ከዚያ ደግሞ ያቺ ቀዳዳ ትዝ አለችኝ። ቀዳዳ ካለ ሙቀት ይሸሻል፤ ይሄ ለማን ይጠፋዋል? በርጩማዬን ይዤ በአረጋሽ ግቢ ዞርሁ፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ በርጩማ ላይ ቆሜ ቀዳዳዋን በጨርቅ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኋት። ወርጄ እጄን አራገፍሁ፤ እንኳን ኖርሁላችሁ ብዬ።

ሐሙስ ጠዋት በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ከክርኑ ጀምሮ እስከ መሬት፣ አንድ ጥቁር መስመር ወርዶ ተገኘ።

መጀመሪያ የተናገረው የአረጋሽ ወንድም ኪዳኑ ነው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይለር ጠበቀ የተባለው ይሄ ነው?» አለ፣ ጸጋው ላይ እየጠቆመ። «ቦይለሩ ነው እንጂ እሱን ሲጠብቀው የኖረ!»

ፈትሂያ መዶሻ ይዛ ወጣች። መስመሩን ካየች ጀምሮ እንዳለቀሰች ዓይኗ ይናገራል፤ ገና ሳይፈርስ አልቅሳለት ነበር።

ጸጋው መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። ቱቦውን በመዳፉ ነካ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ጣቱን ወደ ቀዳዳዋ ላከና ጨርቁን ስቦ አወጣው። ጠቁሯል፤ ጠርዙ ላይ ያለው አረንጓዴ አበባ ግን አልጠፋም። የአሮጌ ቀሚሴ አበባ ነው። ያንን ቀሚስ ሆጤ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ስምንት ዓመት ለብሼዋለሁ። ጸጋው ወደኔ አየ። አንድ ጊዜ ብቻ። ጨርቁን ማንም ሳያየው ኪሱ ከተተና ወረደ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ልኩን ስቻለሁ። ወንድሜ ኪዳኑ እውነቱን ነው። ይፍረስ።» ጎንበስ ብሎ መሣሪያዎቹን ይሰበስብ ጀመር። ጆሮው እንጂ ልቡ አልደነቆረም።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። በርጩማዬም ክብሬም ይቆዩኛል። ከእሱ ወስጄ እንደምይዛቸው ግን ታየኝ፤ ፍልጥ ስለመለሰብን ስረግመው የኖርሁት ሰው፣ ስሙን አውልቆ ለእኔ መሸፈኛ ሰጠኝ። አፌ ከኔ ቀድሞ ተከፈተ።

«ኪሱን ፈትሹት!»

ሁሉም ዞሩ።

«ኪሱን?» አለች ፈትሂያ።

«ቀሚሴ ኪሱ ውስጥ ነው!»

ወይ ጉድ! ምን እንዳልሁ የገባኝ ኪዳኑ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ነው። ጸጋው እንደ ልጃገረድ ቀላ። ደንግጬ ቶሎ ቶሎ ነገርኋቸው፤ መዝጊያውን፣ እርጥቡን ፍልጥ፣ ርጭቱን፣ በርጩማውን። ጸጋውም ጨርቁን አውጥቶ አሳያቸው፤ ምን ያድርግ፣ አንዴ ስሙን አጥፍቼበታለሁ።

«እማ!» አለች ፈትሂያ። «በሩ ላይ ተጽፏል እኮ! አላየሽውም?»

«እኔ ፊደል መች አወቅሁ?» አልሁ።

በዓለም ላይ አንድ የምኮራበት ነገር ቢኖረኝ ፊደሌ ነው፤ እሱንም በአንድ ትንፋሽ ካድሁት። መጀመሪያ የሳቀችው አረጋሽ ናት። «ያንን አህያ ነጂ ጥሩልኝ!» አለች፣ ወገቧን ይዛ። «ሦስት ጊዜ አንብበውለት፣ በቃኝ እናቴ ብሎ ሲሄድ ሰምቻለሁ!» ፈትሂያም ሳቀች፤ መዶሻውን ግን አላስቀመጠችም።

«ሐሙስ ነው» አለች።

«ሐሙስ ገና አልመሸም» አላት ጸጋው። «ደረቅ እንጨት ብቻ ነው የቸገረን።»

ወደ ጎን ብሎ ስልክ ደወለ። ለማን ምን እንዳለ አልሰማሁም። እኩለ ቀን ላይ አንድ አይሱዙ ደጃችን ቆመ። ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ሲጋጭ ቃ የሚል ፍልጥ ተጭኖበታል፤ በዳር በዳሩ ላይ የጠመኔ ፍርፋሪ አለ። 2013። ይህኛውን ድምፅ አውጥቼ አላነበብሁም።

«ጸጋው፣ ይሄንን አይሆንም» አልሁት፣ በግራ ጆሮው።

«የውብዳርም እንጨት ስትደረድር እንዲነድ ብላ ነው፣ እትዬ። እርስዎ ያንድዱት።»

የእናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልተፈተንሁም። የሟች እጅ የደረደረውን እንጨት፣ መዝጊያውን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ሲንደቀደቅ ዝም ብሎ ማየት! እጄ ወደ መዝጊያው ሲሄድብኝ ተቀመጥሁበት። እንደ ሕፃን በሁለት መዳፌ ላይ ተቀመጥሁ። ጸጋው አጠገቤ ሆኖ ግድግዳውን አላየም፤ እሳቱን ነበር የሚያየው። የአስር ሶላት ተሰገደ፣ መግሪብ ደረሰ። አረጋሽ ጥቁሩን መስመር በኖራ አስሸፍና፣ ግድግዳውን በባትሪ ስታየው አመሸች። ጣሳው ውስጥ ሁለት ማንኪያ የማይሞላ ውኃ ተጠራቅሞ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ምንም። ዓርብ ጠዋትም ምንም። ፈትሂያ መዶሻውን ወስዳ ለኪዳኑ ሰጠችው፤ የዳሱን ምሰሶ እንዲመታበት።

ቅዳሜ ሳምሪና ሚዜዎቿ ሻወር ቤታችን ታጠቡ። እሑድ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ ቬሎዋም ግድግዳውም አንድ ዓይነት ነጭ ነበሩ። እኔ ለእስላሙ እንግዳ በተለየው ድንኳን ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከሙሽራዋ ይልቅ ቱቦው ላይ ተክዬ ዋልሁ።

ሰኞ ጸጋው ሊሄድ ሲነሣ እንጨቱ አልቆ ነበር። ማለቴ፣ አንድ ፍልጥ ከበርጩማዬ ሥር ደብቄያለሁ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ አየብኝ።

«ይሄስ?»

«ለመታሰቢያ ነው» አልሁ። «ለአንተ ብዬ።»

«እትዬ ጦይባ» አለኝ፣ ሳቁን እንደያዘ፤ «ለእኔ ነው ወይስ ለነገ?»

ግማሹ ለነገ ነበር። አንሥቼ አስገባሁት። መዝጊያውን ከፈትሁ። ወጥተን ቀና ብለን ብናይ ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጭስ እንኳን የለም፤ ከበላዩ ያለው ሰማይ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ጸጋው ቱቦውን በመዳፉ ነካ፣ ቆየ፣ እጁን አነሣ። ከዚያ እጄን ጨበጠኝ።

«ቀዝቅዘዋል» አለኝ። «ወደ እሳቱ ጠጋ ይበሉ። እንዳይዘጉት እንጂ።»